ሽርሽር በመካነ መቃብር

በአገራችን ሰው ወደ መካነ መቃብር የሚሄድበት ምክንያት የታወቀና የተወሰነ ነው፤ ወይ ሊቀብር ይሄዳል፥ ወይ ሊቀበር ይወሰዳል። ከዚህ የተረፈ እንደ ሆነ በሰልስቱ፥ በአርባው፥ በሰማንያውና በሙት ዓመቱ፥ ካህናት ፍትሐት በሚያደርሱበት ሰዓት ነጠላውን አዘቅዝቆ ከመቃብሩ ራስጌ የሚቆም ዘመድ ይኖራል፤ ሐውልት ሲመረቅም ወዳጅ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ግን ነፍሱ ለፈጣሪዋ፥ መቃብሩም ለሣሩ ይተዋል። አንድ ጤነኛ ሰው የሚቀብረው ሬሳ ሳይኖረው፥ ሆዱም ሳይባባ፥ ቁርሱን በልቶ ጫማውን አስጠርጎ «ዛሬ ደግሞ እስቲ መቃብር አይቼ ልምጣ» ብሎ ከቤቱ የወጣ እንደ ሆነ፥ ጎረቤቶቹ ጠበል የሚያደርሰው ሰው ይፈልጉለታል እንጂ መልካም መንገድ አይመኙለትም።

በአውሮጳ ነገሩ ሌላ ነው። በፓሪስ ከተማ ፔር ላሼዝ የሚባለው መካነ መቃብር እ.ኤ.አ. በ1804 በተከፈተ ጊዜ፥ ቦታው ከከተማው ዳር በመሆኑ የሚቀበርበት ሰው ጠፍቶ፥ ጥቂት ሙታን ብቻ በሰፊው ኮረብታ ላይ ተበታትነው ይኖሩ ነበር። የከተማይቱ ሹማምንት ይህን ባዩ ጊዜ መከሩና፥ ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን የተውኔት ደራሲውን ሞሊየርንና ባለ ተረቱን ላ ፎንቴንን፥ ከእነርሱም አስቀድመው ብዙ ዘመን የኖሩትን ፍቅረኞች አቤላርንና ኤሎይዝን፥ እ.ኤ.አ. በ1817 ዐጽማቸውን አፍልሰው በዚያ አሳረፏቸው፤ ከዚህ በኋላ ትናንት ሩቅ ነው ይል የነበረው ባለጸጋ ሁሉ ከሞሊየር አጥር ሥር አንድ ክንድ መሬት ለማግኘት ደጅ ይጠና ጀመር። ዛሬ መንገደኛው ካርታ ይዞ፥ በአንድ እጁ ቡናውን እየጠጣ፥ ከመቃብር ወደ መቃብር ሲዘዋወር ይውላል። ሙታንን ለማስታወቂያ ማሠራት ነውር ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ነገር ግን ሞሊየር ራሱ ቢሰማ ኖሮ ሳቁን የሚችል አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በዋሽንግተን አካባቢ ያደገው የእህቴ ልጅ ነው። ለዕረፍት በመጣ ጊዜ በአዲስ አበባ ሊያያቸው የሚገቡትን ስፍራዎች አስቀድሞ ጽፎ ይዞ ስለ ነበር፥ ብሔራዊ ሙዚየምንና እንጦጦን ካየ በኋላ፥ ተራው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና የመካነ መቃብሩ ሆነ። በዚያ ሰሞን አክስቴ ከቡልጋ ለሕክምና መጥተው በቤቴ ሰንብተው ነበርና፥ ሥላሴን ተሳልመው ይመለሱ ዘንድ አብረውን እንዲሄዱ ጠየቅናቸው። እርሳቸውም መቃብር የሚለውን ቃል ብቻ ከበር ውጭ ሰምተው ኖሮ፥ ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ ፊታቸውን አጥቁረው ወጡ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፥ እማማ። ልንጎበኝ ነው» አለ ልጁ።

«የሞተ ሳይኖር?»

«የሞቱትማ ብዙ ናቸው። ግን ቆይተዋል።»

አክስቴ ጥቂት አሰቡና፥ «ይሁን እንግዲህ፤ ርቀቱ ይዞኝ ልቅሶ ሳልደርስላቸው የቀረሁ ትልልቅ ሰዎች አሉ፥ እግረ መንገዴን እደርሳቸዋለሁ» ብለው ከመኪናው ገቡ። ስለዚህ በዚያን ቀን በአንድ መኪና ውስጥ አንድ ጎብኚና አንዲት ለቀስተኛ ተቀመጡ፤ እኔም በመካከላቸው ሆኜ የሁለቱንም ነገር ተመለከትሁ።

በግቢው ልጁ የጉብኝቱን ቲኬት ለሁላችን ገዛ። አክስቴም ገንዘብ መከፈሉን እንጂ ምክንያቱን ስላላዩ፥ ለቤተ ክርስቲያን እስከ ሆነ ድረስ የሰው ምጽዋት አይበቃኝም ብለው ከመቀነታቸው ፈትተው በሙዳየ ምጽዋቱ ጨመሩ፤ የያዙትንም ቁራጭ ወረቀት ዘርግተው ካዩ በኋላ፥ በእድሜያቸው ሙሉ መጽውተው ደረሰኝ ሲቀበሉ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሩኝ። በደጀ ሰላሙ ጫማችንን አወለቅን። አስጎብኚ ሆኖ የመጣልን ወጣት ዲያቆን ነበረ፤ ትሑት፥ አንደበቱ የተስተካከለ፥ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የሚያስረዳ ልጅ ነው። ካቴድራሉ ከጠላት ወረራ በፊት ተጀምሮ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ መሆኑን፥ የባለ ቀለም መስታወቶቹን፥ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን ዙፋኖች፥ ጃንሆይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ የሚያሳየውን ሥዕል በየተራ አስረዳ። እነዚህን አልፋቸዋለሁ፤ ማንም ሄዶ ሊያያቸው ይችላል።

ዋናው ነገር የተጀመረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በእቴጌ መነን መቃብር አጠገብ ነው። ሁለቱ ሣጥኖች በአክሱም አሠራር አምሳል ከግራኒት ድንጋይ ተቀርጸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዲያቆኑ እቴጌይቱ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ማረፋቸውን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ግን በደርግ እጅ ሳሉ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. መሞታቸውን፥ ዐጽማቸውም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት በታች ተሠውሮ ኖሮ በ1984 ዓ.ም. ተቆፍሮ መገኘቱን፥ ከዚያም በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሰንብቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በዚህ ስፍራ በክብር ማረፉን ቀን ከቀን ሳያፋልስ ተናገረ። የእህቴ ልጅ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር እየመለሰ በስልኩ ላይ ይጽፍ ነበረ፤ አክስቴ ግን ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው፥

«አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይቀበራል፥ ልጄ? አርባው የሚቆጠረው ከየትኛው ነው?» አሉ።

ዲያቆኑ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከጎብኚ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፥ ቀና ብሎ አያቸውና «ከዕለተ ሞታቸው ነው፥ እማማ» ሲል በአክብሮት መለሰ። ልጁም ነገሩን ለማቅለል ብሎ፥ ብዙዎቹ ራስ ተፈሪያውያን ዐጽሙ የእርሳቸው መሆኑን እንዳልተቀበሉ፥ ሞታቸውንም እንደማያምኑ፥ የቦብ ማርሊ ባለቤት ሪታ ማርሊ ግን በቀብሩ ላይ ተገኝታ እንደ ነበር ነገራቸው። አክስቴ ይህን ረጋ ብለው መረመሩት። «እንግዲያ ብልሆች ናቸው» አሉ፤ «ሞቱን ያላመነ ተዝካር አያወጣም።» ወዲያውም ጣቶቻቸውን ቆጥረው ፊታቸው ፈካ አለ፤ «ነሐሴ 21 አልህ? በማርያም ነዋ! እቴጌስ በየካቲት 8፥ ሽማግሌው ስምዖን ጌታን በታቀፈበት ዕለት። ሁለቱም በደግ ቀን ሄደዋል፤ ከዚህ በኋላ ስለ ቀብሩ ብዙ አላዝንም።»

ከዚህ ቀጥሎ ያየነው ሁሉ በሁለት አስጎብኚ የታየ ነው። ዲያቆኑ የሟቹን ማዕርግና ሥራ፥ የሞቱንም ቀን ይናገራል፤ አክስቴም ቀኑን ከአፉ ተቀብለው የዕለቱን ታቦት ይነግሩናል። እኔ በመጀመሪያ የገጠር ሰው ጨዋታ አድርጌ ፈገግ ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን ሳስበው ሥርዓቱን ያመጡት ከራሳቸው እንዳልሆነ ተረዳሁ። ስንክሳር ጻድቃንንና ሰማዕታትን የሚያሰልፈው በዝናቸው ወይም በኖሩበት ዘመን ሳይሆን ባረፉበት ዕለት አይደለምን? ንጉሡን ከመነኩሴው፥ ጳጳሱን ከእረኛው ጋራ በአንድ ቅጠል ላይ ያውላቸዋል፤ ከመካከላቸውም አንዱ ስለ ጎረቤቱ አቤት ያለበትን ጊዜ አልሰማንም።

ወደ ውጭ ስንወጣ ፀሐይ በርትታ ነበር። በዚያ ግቢ ያለውን ጉርብትና ላላየው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ የተረሸኑት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሹማምንት፥ ከእነርሱም መካከል ሁለቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፥ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ከተጣሉበት ጉድጓድ ወጥተው በዚህ አርፈዋል። በዚያው ግቢ ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. የሞቱት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ተቀብረዋል። በሕይወት ሳሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለአንድ ሲኒ ቡና እንኳ ሊቀመጡ የማይችሉ ሰዎች፥ እነሆ፥ በአንድ አጥር ውስጥ በጸጥታ ይኖራሉ፤ ከዘመናት መካከል የጎደለው የደርጉ ሊቀ መንበር ብቻ ነው፤ እርሱ በ1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ኮብልሎ ከጉርብትናው ቀርቷል።

እንዲህ ባለው ስፍራ ላይ አስጎብኚ የሚሆን ሰው ምላሱን በልጓም ይዞ መናገር ይገባዋል፤ የሚሰማው ጎብኚ የየትኛው ሟች ዘመድ እንደ ሆነ አያውቅምና። ዲያቆናችንም ስምና ቀን ብቻ እየተናገረ በጥንቃቄ አለፈ። አክስቴ ግን ቆሙ።

«ያኛዎቹ ኅዳር 14፥ ይኸኛው ነሐሴ 14፤ ሁሉም የአቡነ አረጋዊ ናቸው!» አሉ። «ለእኒህ ለአድዋው ሰው እንኳ አልደነቀኝም፤ ደብረ ዳሞ ጎረቤታቸው ነው። መኳንንቱን ግን አስቡ! አንድ ጻድቅ ሁለቱን ወገን እንዴት ችሎ ያስታርቃል? ዘንዶውም ጅራቱ አይበቃ።»

ዲያቆኑ ሳቁን በክርኑ ሸፈነ። የእህቴ ልጅ የአቡነ አረጋዊን ዘንዶ ታሪክ አያውቅ ኖሮ ምን እንደ ተባለ ጠየቀኝ፤ ጻድቁ በዘንዶ ጅራት ተንጠላጥለው ወደ ተራራው መውጣታቸውን ነገርሁት፤ እርሱም ይህንኑ ከዘመን ታሪኩ በታች ጻፈው።

ሐውልቶቹን በተመለከተ የራሴን አሳብ ልናገር ይፈቀድልኝ። የቀድሞዎቹ ሰዎች ድንጋይ ዝም ያለ ነው፤ ስምና ማዕርግ፥ የልደትና የዕረፍት ቀን ተቀርጾበት በዚያ ይበቃዋል። ደጃዝማቹ፥ ፊታውራሪው፥ ብላታው ሁሉ ማዕርጉን እንደ ያዘ አለ፤ በሕያዋን ላይ አዋጅ ወጥቶ ማዕርግ በቀረ ጊዜ ለሙታኑ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስልም። የዘመናችን ሐውልቶች ግን እንደ ባንክ ወለል ያበራሉ፤ የሟቹ ፎቶግራፍ በቀለም ይለጠፍባቸዋል፥ የሕይወት ታሪኩ ከተማረበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ይዘረዘራል፥ የልጆቹም ስም እስከ ታናሹ ይገባል። አንዳንዱን አንብቤ ስጨርስ ሰውዬው ለሥራ ያመለከተ ነው እንጂ ያረፈ አልመስል ብሎኛል። አክስቴ ማንበብ ስለማይችሉ ከዚህ ሁሉ ድካም ተርፈዋል፤ እርሳቸው የሚጠይቁት ቀኑን ብቻ ነው።

ሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ዘንድ ብዙ ቆየን። ይህች እንግሊዛዊት በአገርዋ ለሴቶች የምርጫ መብት ስትታገል ደጋግማ የታሰረች፥ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን በ1928 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ በለንደን ያቋቋመች፥ በልዕልት ፀሐይ ስም ለተሠራው ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰበች፥ በመጨረሻም ጓዝዋን ጠቅልላ አዲስ አበባ ገብታ በዚሁ ያረፈች ሴት ናት። በቀብርዋ ጊዜ ወለተ ክርስቶስ ተብላለች። የእህቴ ልጅ ስለ እርስዋ በኮሌጅ ተምሮ ነበርና ከዲያቆኑ ይልቅ እርሱ ሰፋ አድርጎ አስረዳ፤ አክስቴም ሰምተው ሰምተው፥

«ልጆች ነበሯት?» አሉ።

«አንድ ልጅ፤ ሪቻርድ ይባላል። የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፍ ኖሮ እርሱም እዚሁ ሥላሴ ተቀብሯል።»

«ከእናቱ ጋራ! እግዚአብሔር ይስጠው። ቀኑስ?»

«እርስዋ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.» አለ ዲያቆኑ፥ አሁን ራሱም ነገሩ እየጣመው።

አክስቴ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ ጫኑ። «በመስቀል! ኧረ በመስቀል! ደመራው ተቃጥሎ፥ ሕዝቡ በልቶ ጠጥቶ፥ አገሩ አበባ ለብሶ ሳለ? እንዲህ ያለ ቀንማ እኛ አገሬዎቹም አልተሰጠንም፤ ይህች ሴት ፈረንጅ ሆና የተወለደች ብትሆን ነው እንጂ ፈረንጅ ሆና አልሞተችም።» ብለውም ሦስት ጊዜ ሰገዱላት። በዚህ ጊዜ ከወዲያ ማዶ ሲዞሩ የነበሩ ሌሎች ጎብኚዎች፥ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆችና አንዲት ከእነርሱ ጋራ የመጣች የከተማ ልጅ፥ ወደ እኛ ቀርበው ይሰሙ ጀመር። ልጅቱ ለፈረንጆቹ ስትተረጕምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያም አንደኛው ሽማግሌ የራሱን አባት የሞት ቀን ነግሮ በእኛ አቆጣጠር ምን እንደሚውል አስጠየቀ። ገብርኤል ሆነለት። እጅግ ደስ ብሎት አመሰገነ።

ከዚያ በኋላ አስጎብኚነቱ ፈጽሞ ወደ አክስቴ አለፈ፤ ዲያቆኑም የቀን መዝገብ ያዥ ሆነ። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ እሑድ ማረፉን በሰሙ ጊዜ ከመቃብሩ አጠገብ ከነበረው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፋሲካ መሆኑ ብቻ አልነበረም የገረማቸው፤ አሥራ አንድ ደግሞ የማሕሌታዊው የያሬድ ዕለት ነው። «ዘፋኝ ነው ብለው ያሙት የነበሩ ቄስ በአገራችን ነበሩ፤ አሁን ስመለስ ይህን እነግራቸዋለሁ» አሉ። እኔ ሟቹን የማውቀው በድምፁ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን አንድም ዘፈኑ ትዝ አላለኝም፥ አክስቴ ከቄሱ ጋራ ሊገጥሙ ያለውን ክርክር ሳስብ።

ችግር የተፈጠረው በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ላይ ነው። ባለቅኔው የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አረፈ፤ አሥራ ስምንት ደግሞ ኤዎስጣቴዎስ ነው፥ እርሳቸውም ጻድቅ ቢሆኑ ለአክስቴ ቅርብ አይደሉም፤ ከቤታቸው አካባቢ ታቦታቸው የለም። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ የእህቴን ልጅ ጠሩት።

«አንተ፥ እናንተ አገር ሲነጋ እዚህ ይመሻል አላልኸኝም?»

«በኒው ዮርክና በአዲስ አበባ መካከል በዚያ ወራት ስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፥ እማማ። እኛ እንቀድማለን።»

«እኛ ከቀደምን እርሱ ማታ ላይ ሞቶ እንደ ሆነ፥ በአገሩ ቀን አሥራ ዘጠኝ ገብቷል ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ነው።»

«በስንት ሰዓት እንደ ሞተ ግን አናውቅም።»

«የማናውቅ ከሆነማ ለገብርኤል እንስጠው፤ ባለቅኔ ነው፥ አይጨክንበትም» ብለው ነገሩን በዚሁ ዘጉ። ዲያቆኑ በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ረገድ ሊናገር የሚገባው ነገር እንዳለ ከፊቱ ይታይ ነበረ፤ ሆኖም ቲኬት በገዛ ጎብኚ ላይ ተቃውሞ ማቅረብ ያልለመደ በመሆኑ አቀርቅሮ ዝም አለ።

በመመለሻችን ላይ ዲያቆኑ እስከ ግቢው በር ሸኘን። አክስቴ በመንገዱ ላይ ሆነው የመጨረሻውን ምስክራቸውን አመጡ። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ዕለቱ እመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት የበዓታ በዓል ነበረ፤ ሞታቸው ለሕዝብ ተሠውሮ ዐጽማቸውም በቤተ መንግሥት ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ፥ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ዐረፉ፤ ያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በዓታ ለማርያም ነው። «መኳንንቱ ሞቱን ደብቀው ሕዝቡን አታለሉ፤ እርስዋ ግን ቀኑን ጽፋ ይዛ ኖሮ ወደ ቤትዋ ወሰደችው» አሉ አክስቴ። ይህን እኔም በብዙ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቀኑንና ቦታውን ለየብቻ አንብቤው ነበር፤ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ያሳየኝ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም። ዲያቆኑም ይህን ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ሲጽፍ አየሁት፤ ከዚህ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ ጎብኚ ምናልባት ከእርሱ አፍ ይሰማው ይሆናል።

በመኪናው ውስጥ የእህቴ ልጅ ዝርዝሩን አወጣና፥ በማግሥቱ የሚታየው የቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር መሆኑን፥ በዚያም በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በቶኪዮም ደግሞ ጫማ አድርጎ ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ መቀበሩን ተናገረ፤ ዳሩ ግን አክስቴ ስለ ደከሙ በቤት ቢያርፉ እንደሚሻል አሳሰበ። እኔም በዚህ ተስማማሁ፤ ሐኪም የሚያዩበት ቀን ቀርቦ ነበርና።

«በስንት ቀን ነው የሞተው?» አሉ።

ልጁ ስልኩን ነካካ። «ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.»

«አሥራ አምስት ቂርቆስ ነዋ!» አሉ አክስቴ፥ ነጠላቸውን አቅንተው እየለበሱ። «ሕፃኑ ቂርቆስ! ሯጭ ለሕፃን ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»